«ምን ልርጭበት?»፦ ለአነስተኛ የአትክልትና ፍራፍሬ ማሳ የተባይ መከላከያ አሠራር

«ቅጠሉ ተበሳስቷል፣ ምን ልርጭበት?» ይሄ ጥያቄ ሳይደርሰኝ የሚያልፍ ሳምንት የለም። ብዙ ጊዜ ከሩቅ የተነሳ ብዥ ያለ ፎቶ ይከተለዋል። እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፦ የቅጠሉን ጀርባ ገልብጣችሁ አያችሁት? ስንት ተክል ላይ ነው? ባለፈው ሳምንትስ እንዴት ነበር? መልሱ «አላየሁም» ከሆነ፣ የመድኃኒት ስም መንገር ገንዘባችሁን ማስበተን ነው። ስለዚህ ሥራውን ከመጀመሪያው አንስቼ በቅደም ተከተል አስቀምጬዋለሁ።

የተቀናጀ የተባይ መከላከል ስሙ ይከብዳል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው። ተባዩ እንዳይመጣ ታደርጋላችሁ። ከመጣ ቶሎ ታያላችሁ። ጉዳቱ የሚያሰጋ ሲሆን ብቻ እርምጃ ትወስዳላችሁ፤ ከእርምጃዎቹም ቀለል ያለውን ታስቀድማላችሁ። ኬሚካል አይከለከልም፤ ወረፋው ግን መጨረሻ ላይ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- 10 ጊዜ የሚያጎላ ማጉያ መነጽር
- ደብተርና እርሳስ
- ነጭ ወረቀት
- ቢጫና ሰማያዊ አጣባቂ ወጥመዶች
- የነፍሳት መከላከያ መረብ
- መቀስና ወፍራም ጥቁር ፕላስቲክ ከረጢት
- የጀርባ መርጫ (የአረም መድኃኒት ገብቶበት የማያውቅ)
- ሚሊ ሊትር የተጻፈበት መለኪያ
- ተራ ፈሳሽ ሳሙና
- ጓንት፣ ቦቲ ጫማ፣ ረጅም እጅጌ ያለው ልብስ፣ የዓይን መከላከያና ጭምብል

ሁሉንም ባንዴ መግዛት የለባችሁም። ለመጀመር የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ይበቃሉ። የመርጫው ነገር ግን ቀልድ አይደለም። የአረም መድኃኒት የተያዘበት መርጫ ቢታጠብም ትራፊው ሊቀርበት ይችላል፤ ቲማቲም ደግሞ በትንሽ ትራፊ ቅጠሉ ይጣመማል።

1. ከመትከላችሁ በፊት ተባዩን ማረፊያ አሳጡት

ያለፈው ሰብል ግንድና ቅጠል ማሳው ላይ ካለ ንቀሉና አስወግዱ። ነጭ ዝንብ፣ ቱታ አብሶሉታ (ትሉ የቲማቲም ቅጠልና ፍሬ የሚሰረስር የእሳት ራት) እና ብዙ የቅጠል በሽታዎች ከአሮጌው ሰብል ወደ አዲሱ ችግኝ የሚሻገሩት በዚህ ነው። ዙሪያውን ያለውን አረምም አጽዱ። ብዙ አረም ሰብሉ ማሳ ላይ በሌለበት ጊዜ ተባዩን ቀልቦ ያቆያል።

ሰብል ስታፈራርቁ ቤተሰቡን እዩ እንጂ ስሙን አትዩ። ቲማቲም፣ ድንች፣ ቃሪያና ደበርጃን ዘመዳሞች ናቸው። ቲማቲም ነቅሎ ድንች መትከል ማፈራረቅ አይባልም። ዱባ፣ ኪያር፣ ዝኩኒና ሐብሐብም እንደዚሁ አንድ ቤት ናቸው። የአንዱ ቤተሰብ ሰብል ወደ ተመሳሳይ መደብ እስኪመለስ ቢያንስ 2 ዓመት፣ ከተቻለ 3 ዓመት ይቆይ። አፈር ውስጥ የሚኖር ብዙ ተባይ በዚህ ጊዜ የሚበላው አጥቶ ይሳሳል። የሚበረውን ግን ማፈራረቅ አያቆመውም። ነጭ ዝንብ ከጎረቤት ማሳ ይመጣል።

አሮጌውን ተክል ስትነቅሉ ሥሩን እዩ። ሥሩ ራሱ አብጦ እንቡጥ እንቡጥ ካለ ኔማቶድ (ሥር የሚያጠቃ፣ በዓይን የማይታይ የአፈር ትል) አለባችሁ። ባቄላና ፎሶሊያ ላይ ግን አትደናገጡ። እነሱ ናይትሮጅን የሚያዘጋጁላቸው ጠቃሚ እባጮች አሏቸው። መለያው ቀላል ነው፦ ጠቃሚው ከሥሩ ጎን የተለጠፈ ስለሆነ በጣት ሲነካ ይረግፋል፤ የኔማቶዱ የሥሩ አካል ስለሆነ ሥሩን ሳይበጥስ አይወጣም።

ኔማቶድ ካገኛችሁ መደቡን በደንብ አጠጡና ብርሃን በሚያሳልፍ ፕላስቲክ ሸፍኑ። ጠርዙን በአፈር ደፍናችሁ በጣም ሞቃታማ በሆነው ወቅት ከ4 እስከ 6 ሳምንት አቆዩት። እርጥብ አፈር ሙቀትን ወደ ታች በደንብ ያስተላልፋል፤ ስለዚህ ማጠጣቱን አትዝለሉት። ጥቁር ፕላስቲክ የዚህን ያህል አፈሩን አያግለውም።

በመጨረሻ ችግኙን መርምሩ። ቅጠሉ ጀርባ ላይ ነጭ ዝንብ ወይም ክሽክሽ (የተክል ጭማቂ የሚመጥ ደቃቅ ነፍሳት) ያለበትን ችግኝ ማሳ ማስገባት ተባዩን በገዛ እጅ መትከል ነው።

2. ውሃና ማዳበሪያ አስተካክሉ

ውሃውን ከሥሩ፣ በጠዋት አጠጡ። ማታ ከላይ የተረጨ ውሃ ቅጠሉ ላይ ያድራል፤ ሻጋታ ደግሞ ለመብቀል የሚፈልገው እርጥብ ቅጠል ነው። ቲማቲምን በእንጨት ደግፉ፣ የታችኛውን ቅጠል አንሱ፣ በተክሎቹ መሃል አየር እንዲያልፍ ክፍተት ተዉ።

ናይትሮጅን ያለበትን ማዳበሪያ ሳትለኩ አትጨምሩ። ተክሉ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ያምራል፤ ነገር ግን ለስላሳ ቡቃያውን ክሽክሽ ይወደዋል።

3. በሳምንት አንዴ ዞራችሁ እዩ፣ ቁጠሩ፣ ጻፉ

ከሁሉም የሚዘለለው ይሄ ነው። ከሁሉም የሚያተርፈውም ይሄው ነው። ሙቀት ሲበረታ በሳምንት ሁለቴ አድርጉት፤ ክሽክሽ ያለ ወንድ የምትወልድ ስለሆነች በሙቀት ጊዜ በጥቂት ቀናት ውስጥ ቁጥሯ ይፈነዳል።

ሀ. ጠዋት ነፍሳቱ በብርድ ፈዘው ሳሉ ግቡ። ጠርዙን አትርሱ፤ ብዙ ተባይ የሚገባው ከዚያ ነው።

ለ. ቀጥ ብላችሁ በአንድ መስመር አትሂዱ። በዚግዛግ እየተጓዛችሁ ከተለያየ ቦታ 20 ተክል ምረጡ። ያላችሁ ከ20 በታች ከሆነ ሁሉንም እዩ። የታመመ የሚመስለውን ብቻ እየመረጣችሁ ከሆነ ቁጥራችሁ ውሸት ነው።

ሐ. በእያንዳንዱ ተክል ላይ ቡቃያውን፣ የመሃል ቅጠል ጀርባን፣ የግንዱን ግርጌ፣ ካለ አበባና ፍሬውን ተመልከቱ።

መ. አንድ ቅርንጫፍ ነጭ ወረቀት ላይ አራግፉ። የአቧራ ቅንጣት የመሰለ ነገር መራመድ ከጀመረ ቀይ ሸረሪት ወይም ትሪፕስ (ቀጭን ደቃቅ ነፍሳት) ነው። በማጉያው ለዩት።

ሠ. ጻፉ። «ከ20 ተክል 3ቱ ላይ ክሽክሽ፤ ጥንዚዛ 2» ይበቃል። በሚቀጥለው ሳምንት 9 ከሆነ እየባሰ ነው፤ 2 ከሆነ ደግሞ እንደ ጥንዚዛዋ ያሉ ተባይ በሊታዎች እየሠሩላችሁ ሊሆን ይችላል። የአንድ ቀን ቁጥር ብቻውን አቅጣጫውን አይናገርም።

አጣባቂ ወጥመዱን ከተክሉ ጫፍ ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉ፤ ተክሉ ሲያድግ አብሮ ይነሳ። ቢጫው ነጭ ዝንብን፣ ክንፍ ያላትን ክሽክሽና ቅጠል ሰርሳሪ ዝንብን ይይዛል። ትሪፕስ ወደ ሰማያዊው ያደላል። ወጥመዱ «ተባይ ገብቷል» ብሎ ይነግራችኋል እንጂ ማሳችሁን አያጸዳም።

4. ጥፋተኛውን ለዩ

መጀመሪያ ጉዳቱ ማሳው ላይ እንዴት እንደተሰራጨ እዩ። ሁሉም ተክል እኩል ቢጫ ከሆነ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የውሃ፣ የማዳበሪያ ወይም የመድኃኒት ጣጣ ነው። እዚህም እዚያም ጥቂት ጥቂት ተክል ላይ ከሆነ ግን ተባይ ወይም በሽታ ጠርጥሩ። ከዚያ ወደ ቅርቡ፦

- ክሽክሽ፦ ቡቃያ ላይና ቅጠል ጀርባ ይከማቻል። ቅጠሉ ይጣበቃል፣ በኋላም ጥላሸት የመሰለ ሻጋታ ያወጣል። ጉንዳን ግንዱ ላይ ሲመላለስ ካያችሁ ወደ ላይ ተከተሉት፤ ጣፋጩን ፈሳሽ ፍለጋ ስለሆነ ክሽክሹ ጋ ያደርሳችኋል።
- ነጭ ዝንብ፦ ተክሉ ሲነካ ብር ብሎ ይነሳል። የቲማቲምን ቅጠል ጠቅልሎ ቢጫ የሚያደርገውን ቫይረስና የመሳሰሉትን ያዛምታል።
- ቀይ ሸረሪት፦ ቅጠሉ በመርፌ የተወጋ ያህል ነጠብጣብ ይሆናል፣ ሲብስ ቀጭን ድር ይታያል። ደረቅ፣ ሞቃትና አቧራማ ቦታ ይመቸዋል። ስምንት እግር ያለው እንጂ ነፍሳት ስላልሆነ ብዙ ፀረ ነፍሳት መድኃኒት አይሠራበትም።
- ትሪፕስ፦ ብርማ ጭረት ላይ ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች።
- ቆራጭ ትል፦ ትናንት ቆሞ የነበረ ችግኝ ጠዋት ከአፈሩ ልክ ተቆርጦ ወድቋል። በዙሪያው ያለውን አፈር በጣታችሁ ጫር ጫር አድርጉ፤ ተጠቅልሎ የተኛውን ትል ታገኙታላችሁ።

ቲማቲም ላይ ሁለቱን ሰርሳሪዎች አታምታቱ። ቅጠሉን ወደ ብርሃን አንሱት። ቀጭን የተጠማዘዘ መስመር ከሆነ ቅጠል ሰርሳሪ ዝንብ ነው፤ ያደገ ተክል ብዙ ጊዜ ይችለዋል። ሰፋ ያለ፣ መስታወት የመሰለ ጥፍጥፍ ከሆነና ውስጡ ጥቁር ኩስና ትል ከታየ ቱታ ነው፤ እሱ ወደ ፍሬው ይገባል።

ቲማቲም፣ ቃሪያ ወይም ድንች አረንጓዴ እንደሆነ ድንገት ከጠወለገስ? ከግርጌው ግንዱን ቆርጣችሁ፣ የተቆረጠውን ጫፍ ንጹህ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ሳትነቀንቁ አንጠልጥሉት። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ነጭ የወተት ክር የመሰለ ነገር ወደ ታች ከፈሰሰ የባክቴሪያ አጠውልግ ነው። መድኃኒት አትፈልጉለት፤ ተክሉን ከነሥሩ አውጡት፣ መሣሪያና ጫማችሁን እጠቡ፣ ከዚያ መደብ ወደ ሌላው ውሃ አታሳልፉ።

የቲማቲም ፍሬ መቀመጫው ጠቁሮ ከሰመጠ ተባይም ተላላፊ በሽታም አይደለም። ፍሬው ካልሲየም ሳይደርሰው ቀርቷል፤ ብዙ ጊዜም መነሻው አንዴ ውሃ ማጥለቅለቅ፣ አንዴ ማድረቅ ነው። ውሃውን አስተካክሉ።

5. እርምጃ ያስፈልግ እንደሆነ ወስኑ

ነፍሳት ስላያችሁ ብቻ አትነሱ። ሦስት ነገር ጠይቁ፦

- ቁጥሩ ከባለፈው ጨምሯል ወይስ ቀንሷል?
- ተክሉ ምን ደረጃ ላይ ነው? ሥር የያዘ ቲማቲም ጥቂት ቅጠል ቢበላ ምርቱ አይነካም። ጥቅል ጎመን ግን መጠቅለል ከጀመረ በኋላ የሚገባበት ትል ሽያጩን ያበላሻል።
- ጥፋተኛው ቫይረስ ያዛምታል? ችግኝ ላይ ያለ ነጭ ዝንብ በቁጥር ጥቂት ቢሆንም ዝም አይባልም፤ ቫይረስ የያዘ ተክል አይድንም።

ከዚያ ረዳቶቻችሁን ቁጠሩ። ቀይ ባለ ጥቁር ነጠብጣቧን ጥንዚዛ ሁሉም ያውቃታል፤ ልጇን ግን ብዙ ሰው ተባይ መስሎት ይጨፈልቃታል። ልጇ ክንፍ የሌላት፣ ጥቁር ላይ ብርቱካናማ ነጥብ ያላት፣ ትንሽ አዞ የምትመስል ናት። ክሽክሽ በመብላት ከእናቷ አታንስም። ክሽክሾቹ መሃልም አብጠው የደረቁ፣ ቡናማ የሆኑ ካያችሁ ውስጣቸው የጥገኛ ተርብ ልጅ አለ፤ ክብ ቀዳዳ ካላቸው ተርቡ ወጥቶ ሌሎቹን እየፈለገ ነው። እንዲህ ዓይነት ምልክት ከበዛ ጥቂት ቀን ታገሡና እንደገና ቁጠሩ። እነዚህን ለማቆየት ከማሳው ዳር ድንብላልና እንስላል ተክላችሁ እንዲያብብ ተዉት፤ ጎልማሳው ተርብ የሚኖረው በአበባ ማር ነው።

6. መጀመሪያ በእጅና በመከላከያ

- የትል እንቁላል ክምችትንና የተሰረሰረ ቅጠልን ቆርጣችሁ ከረጢት ውስጥ ዝጉ። መሬት ላይ አትጣሉት።
- ክሽክሽን በጠንካራ የውሃ ግፊት አራግፉ። አፏ ተሰክቶ ሳለ ስለምትነቀል አብዛኛዋ ተመልሳ አትወጣም። ቅጠሉ እንዲደርቅ ጠዋት አድርጉት።
- ለችግኙ ከካርቶን አንገትጌ ሥሩለት። ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር አፈር ውስጥ፣ 5 ሳንቲ ሜትር ከላይ ይሁን። ቆራጭ ትሉ ግንዱን መጠቅለል አይችልም።
- መረቡን በተከላችሁበት ቀን አልብሱ። ከሳምንት በኋላ ማልበስ ተባዩን ከውስጥ መቆለፍ ነው። ለነጭ ዝንብ በጣም ደቃቅ ቀዳዳ ያለው ይፈልጋል፤ ለቢራቢሮና ለእሳት ራት ሰፋ ያለው ይበቃል። ዱባና ዝኩኒ ሲያብቡ ንብ እንድትገባ ክፈቱት።

7. ፍራፍሬ ላላችሁ፦ የፍራፍሬ ዝንብ

ማንጎና ዘይቱን ያላችሁ ሰዎች ጥያቄ ሁሌ አንድ ነው፦ «ፍሬው ውስጥ ያለውን ትል ምን ይገድለዋል?» ምንም። እናቲቱ ልጣጩን ወግታ እንቁላሏን ከውስጥ ትጥላለች፤ ከላይ የምትረጩት እዚያ አይደርስም። መስበር ያለባችሁ ዑደቱን ነው። ትሉ ከፍሬው ወጥቶ አፈር ውስጥ ገብቶ ዝንብ ሆኖ ይመለሳል።

የወደቀውን ፍሬ ቢያንስ በሳምንት ሁለቴ ልቀሙ። ዛፉ ላይ የተወጋውንም አውርዱ። ግማሽ ሜትር ጥልቀት ቅበሩት፣ ወይም ጥቁር ፕላስቲክ ውስጥ አጥብቃችሁ አስራችሁ ለ2 ሳምንት ፀሐይ ላይ ተዉት። ኮምፖስት ላይ መጣል ዝንብ ማርባት ነው።

ጥቂት ዛፍ ካላችሁ ፍሬው መብሰል ሳይጀምር እያንዳንዱን በወረቀት ከረጢት ሸፍኑ። አድካሚ ነው፤ ግን ይሠራል። የሜቲል ዩጅኖል (ዝንብ በሽታው የሚስብ ንጥረ ነገር) ወጥመድ የአንዳንድ ዓይነት ዝንብ ወንዶችን ብቻ ይስባል፤ የፕሮቲን ማባበያ ደግሞ ሴቶቹንም ይጠራል። ለዚህ ነው አንዱን ብቻ ሰቅሎ መተኛት የማያዋጣው።

ጉንዳን ዛፉ ላይ ካለ ግንዱን በጨርቅ ወይም በወረቀት ጠቅልላችሁ አጣባቂውን በእሱ ላይ ቀቡ፤ በቀጥታ ቅርፊቱ ላይ አትቀቡ። ጉንዳኑ ከተከለከለ ጥንዚዛና ተርብ ክሽክሹ ላይ ያለ ጠባቂ ይደርሳሉ።

8. ለስላሳ መርጫዎች

ሳሙና፦ በ1 ሊትር ውሃ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሊትር ተራ ፈሳሽ ሳሙና። ክሽክሽ፣ ነጭ ዝንብና ቀይ ሸረሪት ላይ ይሠራል፤ የሚገድለው ግን ያረጠበውን ብቻ ነው። ከደረቀ በኋላ ኃይል የለውም። ስለዚህ የቅጠሉ ጀርባ እስኪንጠባጠብ እርጩ፣ ከ5 እስከ 7 ቀን ውስጥ ድገሙ። የልብስ ዱቄት ሳሙና ቅጠል ያቃጥላል። ውሃችሁ ሳሙናውን የሚያረጋ ከሆነ የዝናብ ውሃ ተጠቀሙ።

የኒም ፍሬ፦ 50 ግራም የተፈለፈለና የተወቀጠ ፍሬ በ1 ሊትር ውሃ አሳድሩ፣ በጨርቅ አጥሉ፣ ጥቂት ሳሙና ጨምሩ። ወዲያው አይጥልም፤ የተባዩን ምግብ ፍላጎትና ዕድገት ነው የሚያውከው። ፀሐይ ስለሚሰብረው ወደ ማታ እርጩት፣ የተዘጋጀውንም በዕለቱ ጨርሱ።

ቢቲ፦ ትል ብቻ የሚያጠቃ ባክቴሪያ ነው፤ ክሽክሽ ላይ አይሞከርም። ትሉ መብላት ስላለበት ቅጠሉን በደንብ ሸፍኑ፤ ገና ትንሽ ሳለ ያዙት። በሰዓታት ውስጥ መብላት ያቆማል፣ የሚሞተው ግን ከ2 ወይም ከ3 ቀን በኋላ ነው። በማግስቱ ትሉ ሲንቀሳቀስ አይታችሁ «አልሠራም» ብላችሁ ሌላ አትደርቡበት።

የቱንም ስትረጩ በ2 ወይም 3 ተክል ላይ ሞክራችሁ አንድ ሁለት ቀን ጠብቁ። በቀትር ፀሐይ ወይም የተጠማ ተክል ላይ አትርጩ።

9. ኬሚካል ግድ ከሆነ

ለምታመርቱት ሰብልና ለለያችሁት ተባይ የተፈቀደ ይሁን፤ ሁለቱም ማሸጊያው ላይ ተጽፈው ታገኙታላችሁ። ሁሉን የሚገድለውን ሳይሆን ለተባዩ ብቻ የሚሆነውን ምረጡ። ሁሉን ገዳዩ ጥንዚዛውንና ተርቡንም ስለሚጨርስ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ቀይ ሸረሪት ማሳውን ወርሮ ልታገኙት ትችላላችሁ።

ብዙ ማሸጊያ ላይ የአሠራር ምድብ የሚባል ቁጥር አለ። ንግድ ስሙ ቢለያይም ቁጥሩ አንድ ከሆነ ተባዩን የሚገድለው በአንድ መንገድ ነው። መድኃኒት ስትቀያይሩ ቁጥሩን ቀይሩ፤ አለበለዚያ ተባዩ ይለማመደዋል።

ማስጠንቀቂያ

- በቆርኪ አትለኩ። መጠን መጨመር ሰብሉን ያቃጥላል፣ በላተኛውን ይጎዳል።
- ብዙ ማሸጊያ ላይ የመርዛማነቱ ደረጃ በቀለም ይታያል፦ ቀይ እጅግ መርዛማ፣ ከዚያ ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ። ቀዩን አነስተኛ ማሳ ላይ አታስገቡት። አረንጓዴም ቢሆን ጓንት ያስፈልገዋል።
- ከመርጨት እስከ መልቀም የተጻፈውን ቀን ጠብቁ። ነገ የምትለቅሙትን ዛሬ አትርጩ።
- አበባ ላይ ንብ ሳለች አትርጩ። ነፋስ ካለ ተዉት።
- የተደፈነ ኖዝል (የመርጫው ጫፍ) በአፍ አይነፋም። በለስላሳ ብሩሽና በውሃ አጽዱት።
- ባዶውን ዕቃ ሦስቴ አለቅልቃችሁ ውሃውን መርጫው ውስጥ ጨምሩ፣ ዕቃውን ብሱት። ለውሃም ለዘይትም አይሆንም።
- ሰው ከታመመ ልብሱን አውልቁለት፣ ቆዳውን በሳሙና እጠቡ፣ ማሸጊያውን ይዛችሁ ሐኪም ጋ ሩጡ። ማሸጊያው ካላዘዘ አታስመልሱት።

10. ከ3 እስከ 5 ቀን በኋላ ተመልሳችሁ ቁጠሩ

በዚያው ዘዴ፣ በዚያው ቁጥር። ካልቀነሰ ሌላ መድኃኒት ከመግዛታችሁ በፊት ሦስት ነገር አጣሩ፦ ቅጠሉ ጀርባ ደርሷል? ተባዩ ያሰባችሁት ነበር? እርጭቱን ዝናብ አጥቦታል? የረጫችሁትን፣ መጠኑንና ውጤቱን በዚያው ደብተር ላይ አስፍሩ።

ብዙ ጊዜ የሚታዩ ስህተቶች

- በቀን መቁጠሪያ መርጨት። ተባይ ኖረም አልኖረም በየሳምንቱ የሚረጭ ማሳ ገንዘብ ይጨርሳል፣ ተባዩንም መድኃኒት ያለማምደዋል።
- ሁለት ሦስት መድኃኒት መቀላቀል። አንዱ ሌላውን ሊያረክሰው ወይም ቅጠሉን ሊያቃጥል ይችላል። የትኛው እንደሠራም አታውቁም።
- ከላይ ብቻ መርጨት። ክሽክሽም፣ ነጭ ዝንብም፣ ቀይ ሸረሪትም የሚኖሩት ከታች ነው። የመርጫውን ጫፍ ወደ ላይ አዙሩት።
- ፀረ ነፍሳት ለሻጋታ፣ ፀረ ሻጋታ ለነፍሳት። ደረጃ 4ን የዘለለ ሰው የሚገባበት ነው።
- ቫይረስ የያዘውን ተክል ማስታመም። ሲነቅሉት ያሳዝናል፤ ግን እሱ በቆመ ቁጥር ነጭ ዝንቡ ከእሱ ወደ ጤነኛው ይመላለሳል። በከረጢት ሸፍናችሁ ንቀሉት፤ ያለዚያ ዝንቡ በርሮ ጎረቤቱ ላይ ያርፋል።
- ከታመመው ወደ ጤነኛው መሄድ። ዙራችሁን ከጤነኛው መደብ ጀምሩ፣ በታመመው ጨርሱ። መቀሱንም በመሃል በሳሙና ውሃ እጠቡት።